ከሁለት ቮልስ የተገጣጠመ መኪና ሊብሬው የቱ ነው?

ጎንደር ጋራዥ ውስጥ የቆመ ቮልስ እንደገና ነፍስ ሲዘራ ማየት ደስ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ሞተሩ ከአንዱ፣ ቦዲው ከሌላው ሲሆን ነው። በየትኛው ሊብሬ (የባለቤትነት ደብተር) ይነዳ?

ሻንሲውን፣ ማለትም የመኪናውን ወለል፣ ተከተሉ። የቮልስ ቦዲ ከወለሉ ጋር የሚታሰረው በብሎን ስለሆነ ይነቀላል፣ ይቀየራል። የሻንሲ ቁጥሩ ግን ወለሉ ላይ ነው የተመታው። የኋላውን ወንበር አንሱ፤ መሃል ላይ ካለው ጉብታ ላይ ታገኙታላችሁ። አቧራውን በጨርቅ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። ግራይንደር ግን በፍጹም አታስነኩት! ቁጥሩ የተፋቀ መኪና የስርቆት ጥርጣሬ ያስነሳል፤ ያን ማጥራት ከጥገናው ይብሳል።

የሞተር ቁጥርም ሊብሬው ላይ ይሰፍራል። ሞተር ከቀየራችሁ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አሳውቃችሁ አስመዝግቡ። የሞተሩን የግዢ ሰነድ፣ ከውጭ የገባ ከሆነም የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን አትጣሉ። የተሽከርካሪ ምዝገባ የሚመራው በአዋጅ ነው።

እባካችሁ፣ ሊብሬ በሌለው ሻንሲ ላይ ገንዘባችሁን አታፍስሱ። ሻጩ «ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል» ቢላችሁ ቀብድም አትስጡ። ባለሊብሬው በሕይወት ከሌሉ ደግሞ ወራሾቹ መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያውጡ።