ቆሻሻን በየቦታው ስለመጣል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየመንገዱ፣ በየቦዩና በየወንዙ ዳር የሚጣለው ቆሻሻ ወጪ የሌለው የሚመስለን ሂሳቡ ዘግይቶና በሌላ ስም ስለሚመጣ ነው። አዲስ አበባን መነሻ አድርገን፣ ደጋግመን የምንሰማቸውን አመለካከቶች ከእውነታው ጋር እናስተያይ።

«መንገድ ላይ ብጥል ጠራጊዎች አሉ፤ ደመወዝ ይከፈላቸዋል።»

ከቤት ታስሮ ለጽዳት ማኅበራት የሚሰጥ ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ የተበተነው ግን ተለቅሞ፣ ተጠርጎና ተከምሮ እንደገና መጫን አለበት። ነዋሪው ለዓመታት ከውኃ ሂሳብ ጋር ሲከፍል የቆየው የጽዳት ክፍያ ሳያንስ፣ ለዚህ ድርብ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ሊውል ይችል ከነበረው በጀት ይቀነሳል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ከተሞች በአማካይ ከበጀታቸው 20 በመቶ የሚጠጋውን ለቆሻሻ አያያዝ ያውላሉ፤ በሀብታም አገሮች ድርሻው 4 በመቶ ገደማ ነው። ከሁሉ በላይ የሚከብደው ዕዳ እንግዲህ አቅሙ ባነሰው ላይ ወድቋል።

«ወንዝ የገባውን ክረምት ጠርጎ ይወስደዋል።»

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ውኃው አዋሽን ይቀላቀላል። ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል በደለልና በእምቦጭ አረም ሲጨነቅ ኖሯል። በእነዚሁ ወንዞች ዳር በመስኖ የሚለማው ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ተመልሶ ለከተማው ገበያ ይቀርባል፤ በአትክልቶቹ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ለጤና ጎጂ የሆኑ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። በዚህ ብክለት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የፋብሪካ ፍሳሽ ቢሆንም፣ ወንዝ ዳር የሚጣል ባትሪና የሚደፋ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ወንዙ ጋ ሳይደርስ የሚቀረው ፌስታልና ሃይላንድ ደግሞ ቦዮችን ይደፍንና ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉን ወደ ሰው ቤት ይመልሰዋል። ውኃው የሚገባው ዝቅተኛ ቦታ በተሠራው ጎጆ እንጂ ፌስታሉን ከላይ በጣለው ሰው ቤት አለመሆኑ ጉዳዩን የፍትሕ ጥያቄ ያደርገዋል።

«በግቢዬ ባቃጥለው ማንንም አልጎዳም።»

ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ ጭሱም በአጥር አይታገድም።

«ገንዳ ውስጥ ከገባ ነገሩ አብቅቷል።»

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የአዲስ አበባ ቆሻሻ በሚደፋበት በቆሼ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በፊት፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ቆሼን ይተካል ተብሎ ሥራ የጀመረው የሰንዳፋ ማስወገጃ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆሞ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመልሶ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው የረጲ ኃይል ማመንጫም ብቻውን መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ከከተማው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ በስባሽና እርጥብ በመሆኑ በደንብ አይነድም፤ መንገድና ወንዝ ላይ የተበተነውም ከማመንጫው አይደርስም። በስባሹ ከቤት ተለይቶ ወደ ኮምፖስት፣ ፕላስቲኩና ብረቱ ወደ ቁራሌው ቢሄድ ለማስወገጃ የሚቀረው እጅግ ያንሳል።

«የሚጥለው ድሃው ነው፤ ሕግም የለም።»

አንድ ገልባጭ መኪና በሌሊት ባዶ ቦታ ላይ የሚደፋው የግንባታ ፍርስራሽ፣ በክብደት ሲታይ፣ አንድ ቤተሰብ በብዙ ዓመታት ከሚያወጣው ቆሻሻ ይበልጣል። ይህን የሚያደርገው የማስወገጃ ወጪውን አስቀርቶ ለራሱ ትርፍ የሚያደርግ ባለሀብት እንጂ የቆሻሻ መኪና በማይገባበት ጠባብ መንደር የሚኖር ሰው አይደለም። ሕጉም ቢሆን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 513፣ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን እስከ መከልከል ደርሷል። የጎደለው ያ ገልባጭ ፍርስራሹን ከመድፋቱ በፊት የሚያስቆመው የሌሊት ቁጥጥር፣ እንዲሁም ለፍርስራሽ የተዘጋጀ ሕጋዊ መድፊያ በየአቅራቢያው መገኘቱ ነው።