ጠግበን ለምን ያምረናል?

ደሴ ፒያሳ ምሳውን በልቶ የጠገበ ሰው፣ ኬክ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ምራቁን ይውጣል። ይህ አምሮት እንጂ ረሃብ አይደለም።

ሆድ ባዶ ሲሆን ጨጓራ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. ነው የታወቀው። መልእክቱ አንጎል ውስጥ ረሃብን የሚቆጣጠረው ክፍል (ሃይፖታላመስ) ጋ ሲደርስ ይርበናል። ያኔ ቆሎም ይጣፍጣል። ቆሎውን ትቶ ባቅላባውን ብቻ የሚል ሰው ግን አምሮት ይዞታል።

አምሮት የሚያይለው በአንጎል የሽልማት መስመር፣ ደስ የሚለንን ነገር እንድንፈልግ በሚገፋን ክፍል ነው። የቅቤው ሽታ፣ መስታወት ውስጥ የሚያብረቀርቀው ሽሮፕ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ያስነሳሉ። ዶፓሚን ጣዕሙ ራሱ አይደለም፤ «አምጣ! አምጣ!» የሚለው ግፊት ነው። ስኳርና ቅባት ሲገናኙ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው ሰውን «ሆዳም» ብሎ መስደብ የሚያናድደኝ፤ ግፊቱ ያለው ሁላችንም ጋ ነው።