ጦም ለሚያድር መሬት የሚከፈል ኪራይ፦ የጥበቃ ድጎማ በባካ ካውንቲ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ከካንሳስ፣ ከኦክላሆማና ከኒው ሜክሲኮ ግዛቶች ጋር የሚዋሰነው ባካ ካውንቲ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክልል ነው) ዝናብ የሚያጥረው፣ ነፋስ የማይለየው ሜዳ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ከ10,000 በላይ ሰው ይኖርበት ነበር፤ በ2020 የተቆጠረው 3,500 ያህል ብቻ ነው። የስንዴ ዋጋ ያማለላቸው ገበሬዎች ለዘመናት አፈሩን አስሮ የኖረውን ሣር በትራክተር ገለበጡት። ድርቁ በ1930ዎቹ ሲመጣ አፈሩ እንደ ጥቁር ደመና ተነሥቶ ሄደ።

በዚያ ዘመን የፌዴራል መንግሥት የተራቆተውን መሬት በከፊል ገዝቶ መልሶ ሣር አለበሰው፤ ዛሬ ኮማንቼ ብሔራዊ የሣር ምድር የሚባለው የዚያ ግዢ ውጤት ነው። በግል እጅ የቀረውን ለማሳረፍ ግን ሌላ ዘዴ ተገኘ፦ ኪራይ።

ይህ አሠራር በ1985 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በፈረሙት የግብርና ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ ስሙ በእንግሊዝኛ «ኮንሰርቬሽን ሪዘርቭ ፕሮግራም» ነው፤ ገበሬዎቹ በምህጻር ሲአርፒ ይሉታል። በ1956 የተጀመረው «የአፈር ባንክ» ቀዳሚው ነበር። ገበሬው ለመሸርሸር የተጋለጠ ማሳውን ለ10 ወይም ለ15 ዓመት ላለማረስ ይዋዋላል፤ መንግሥትም በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል፣ ሣር ለማልበስ የሚወጣውንም ወጪ እስከ ግማሽ ይጋራዋል። በእኛ አገር መሬት ጦም አደረ ሲባል ሐዘን አለበት፤ እዚያ ደመወዝ አለው። አንድ ሰው በዓመት የሚያገኘው ኪራይ ከ50,000 ዶላር እንዳይበልጥ ሕጉ ይገድባል።

ገንዘቡ የፌዴራል ነው፤ ካውንቲው ሳንቲም አያወጣም። ይሁን እንጂ ካውንቲው የስሌቱ መነሻ ነው፦ የኪራዩ ተመን የሚወሰነው በአካባቢው የመሬት ኪራይ ዋጋ ነው፤ ጉዳዩንም ገበሬዎች ከመካከላቸው የሚመርጡት ኮሚቴ ይከታተላል። ከካውንቲው የእርሻ መሬት ከሩብ በላይ በውል እንዳይያዝ የሚከለክል ደንብም አለ፣ ምንም እንኳ በፈቃድ ሊላላ ቢችል።

የሩብ ገደቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። ያላረሰ ሰው ዘር፣ ማዳበሪያና ናፍጣ አይገዛም፤ ትራክተሩም ጋራዥ አይገባም። ኪራዩ የሚደርሰው ለባለመሬቱ ነው፤ ባለመሬቱ ደግሞ ሩቅ ከተማ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አፈሩን ያዳነው ገንዘብ የመንደሩን ሱቅ ሊያደኸይ ይችላል። ተከራይቶ የሚያርስ ወጣት ገበሬም ከመንግሥት ጋር በመሬት ዋጋ መፎካከር ይገጥመዋል። የ2018ቱ የግብርና ሕግ ይህን ቅሬታ ሰምቶ በጠቅላላ ምዝገባ፣ ማለትም ገበሬዎች ተወዳድረው በሚገቡበት ዋናው ምዝገባ፣ የሚከፈለው ኪራይ ከአካባቢው አማካይ 85 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገ።

በአገር ደረጃ የተመዘገበው መሬት በ2007 ወደ 37 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ፣ ከደረሰ በኋላ ቁልቁል ወረደ። የእህል ዋጋ ሲንር ብዙዎች ውላቸው እንዳለቀ ወደ ማረሻቸው ተመለሱ፤ የአገሪቱ ምክር ቤትም በ2014 ሊመዘገብ የሚችለውን መሬት ጣሪያ ወደ 24 ሚሊዮን ኤከር ዝቅ አደረገው።

ባካን በመሰለ ደረቅ አገር ሣሩ ሌላም ጥቅም አለው። የሜዳ ዶሮ ለሚባለው፣ ቁጥሩ ለተመናመነው የዱር ወፍ መጠጊያ ነው። ድርቅ ሲጠናም መንግሥት በውል የተያዘውን ማሳ ለአስቸኳይ ግጦሽ ይከፍትና፣ የማይታረሰው መሬት ከብት ያተርፋል።