ስሜን ስጽፍ ጉግል ላይ እወጣለሁ፣ ሥራዬን ስጽፍ ግን የለሁም፦ ለምን?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሳ አንዴ በደንብ እንየው። መመዝገብና ደረጃ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የድርጅታችሁ ስም ሲፈለግ ድረ ገጻችሁ ከወጣ፣ ጉግል አንብቦ መዝግቦታል ማለት ነው። ደረጃው ግን ሰው በፈለገ ቁጥር፣ ገጹ ለዚያ ጥያቄ ምን ያህል መልስ እንደሚሆን ተመዝኖ የሚሰጥ ነው።

ሰዓት የሚጠግን ሰው እንውሰድ። የገጹ ርዕስ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፤ ከሥሩ ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ደንበኛው የሚጽፈው ደግሞ «የእጅ ሰዓት ጥገና» ብሎ ነው። ይህ ቃል ገጹ ላይ የትም የለም! ርዕሱን «የእጅ ሰዓት ጥገና እና ባትሪ መቀየር» ቢለው፣ የሚጠግናቸውንም በጽሑፍ ቢዘረዝር፣ ለጉግልም ለሰውም ግልጽ ይሆናል። ቃሉን ያለ ቦታው መደጋገም ግን የጉግልን ደንብ ይጥሳል፤ ጭራሽ ወደ ታች ሊያወርዳችሁ ይችላል።

ለጉግል ማስታወቂያ መክፈልም ነጻውን ውጤት፣ ማለትም ሳይከፈልበት የሚወጣውን፣ ከፍ አያደርግም፤ ይህ እርግጥ ነው። ገጹን ካስተካከላችሁ በኋላ የሚለያየው ጊዜው ነው፦ ለአንዱ በቀናት፣ ለሌላው በወራት ለውጥ ይታያል። «በሳምንት አንደኛ አወጣችኋለሁ» ለሚል ሰው እባካችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ፤ ለዚህ ዋስትና መስጠት የሚችል የለም።