«ራም ጨምርለት» እና ሌሎች የማይጠቅሙ ምክሮች

አንዱ ላፕቶፑ ላይ ቨርቹዋልቦክስ ይጭናል፤ ላፕቶፕ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚፈጥር ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ሊሞክር ነው። ኢንስቶሉ መሃል ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ሰው ይጠይቃል። ሁሉም በአንድ አፍ «ራም ጨምርለት!» ይሉታል። ይጨምራል፤ ይብስበታል። «እንግዲያው የፕሮሰሰሩን ኮርም ጨምርለት» ይሉታል። እሱንም ያደርጋል። አሁን ቨርቹዋል ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ላፕቶፑም አብሮ ሃንግ ያደርጋል።

ሊኑክስ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ምክር ያልሰማሁበት ኮርስ የለም። ሰልችቶኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ለቨርቹዋል ማሽኑ የምትሰጡት ራም ከሰማይ አይወርድም፤ ከራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ተቀንሶ ነው። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ፣ አንቲቫይረስና ክሮም ሆነው ግማሹን ያለ ምንም ችግር ይበሉታል። አንድ ተማሪዬ ከ8ቱ 6ቱን ለኡቡንቱ ሰጥቶ መጣ። ራም የሚስተካከልበት መስመር ላይ አረንጓዴና ቀይ የተቀባው ለጌጥ መስሎታል። ቀዩ ውስጥ ሲገባ ዊንዶውስ መተንፈሻ ያጣና ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። ታስክ ማናጀሩን አስከፈትኩት። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱም ያ የድሮው፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። ምስኪኑ ኡቡንቱ አንዲት ፋይል ለመጻፍ ወረፋ ይጠብቃል። ራሙን ወደ 4 ጊጋ አወረድነው፣ ክሮምን ዘጋነው፣ ኢንስቶሉ አለቀ። ያዳነው መቀነሱ ነው እንጂ መጨመሩ አይደለም።

ራም ማነስ ችግር አይፈጥርም አላልኩም። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ 24.04 የሚመከርለት 4 ጊጋ ራምና 25 ጊጋ ዲስክ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ዲስክ ይጠይቃል። 1 ጊጋ ሰጥታችሁ ቢደርቅ ማንንም አትውቀሱ። ነገር ግን የሚጠይቀውን ከሰጣችሁት በኋላ መጨመር ኢንስቶሉን ከቆመበት አያስነሳውም። 4 ጊጋ ሰጥታችሁ ለላፕቶፑ የሚበቃ የማይተርፍ ከሆነ ዴቢያን የሚባለውን ሌላ ሊኑክስ ያለ ዴስክቶፕ ጫኑ። ለመማር ከበቂ በላይ ነው።

ኮሩም ያው ነው። የላፕቶፑን ኮሮች በሙሉ ለቨርቹዋል ማሽኑ ስትሰጡ ዊንዶውስና እንግዳው ሲስተም (ኡቡንቱ) በአንድ ፕሮሰሰር ይጣላሉ። ጥቁር ስክሪን ላይ «ሶፍት ሎክአፕ» የሚል መስመር፣ ቀጥሎም «ስታክ ፎር 22 ሰከንድስ» ዓይነት ነገር ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ሊኑክሱ ተበላሽቶ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ለዚያን ያህል ጊዜ ተራ አልሰጠውም ማለት ነው። ኮር አይ ፋይቭ የሚባሉት ብዙዎቹ የቆዩ ላፕቶፖች እውነተኛ ኮራቸው 2 ነው፤ ታስክ ማናጀር ላይ 4 ሆኖ የሚታየው እያንዳንዱ ኮር ሁለት ተብሎ ስለሚቆጠር ነው። ግማሹን ስጡ፣ ግማሹን ተዉለት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ባዮስ ላይ ቨርቹዋላይዜሽን አብርቻለሁ፣ ታስክ ማናጀርም ኢኔብልድ ይላል፤ ስለዚህ ችግሩ እሱ አይደለም» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ቨርቹዋላይዜሽን ማለት ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋል ማሽን የማስኬድ ችሎታው ነው፤ የሚበራውም ባዮስ በሚባለው የላፕቶፑ መነሻ ሴቲንግ ውስጥ ነው። እሺ፣ መብራቱ በርቷል። ጥያቄው ማን ይዞታል የሚለው ነው። ዊንዶውስ ሃይፐርቪ የሚባል የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሲስተም አለው። ዶከር (ፕሮግራሞችን በየሳጥናቸው ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) ወይም ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስገባውን ደብሊውኤስኤል 2 የጫነ ሰው ሳያውቀው ያስነሳዋል። ዊንዶውስ 11 ላይ ደግሞ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው የጥበቃ ሴቲንግ ብቻውን ይበቃል። ሃይፐርቪ አንዴ ፕሮሰሰሩን ከያዘ ቨርቹዋልቦክስ በእሱ በኩል ተለምኖ ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ከወጣው ቨርቹዋልቦክስ 6.0 ጀምሮ ቢያንስ ይነሳል። ግን ይንፏቀቃል፤ አንዳንዴም ኢንስቶል መሃል ላይ ጭራሽ ይቆማል።

ይህን ለማወቅ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ቨርቹዋል ማሽኑ እየሠራ እያለ የመስኮቱን ታችኛ ቀኝ ጥግ ተመልከቱ። ትናንሽ ምልክቶች ተደርድረዋል። ከእነሱ መካከል አረንጓዴ ኤሊ ካለች፣ መልሳችሁ እሷ ናት። ቀልድ አይደለም፣ የቨርቹዋልቦክስ ሰዎች ራሳቸው ናቸው ኤሊ ያደረጓት። ስንት ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ራም ሲጨምር አይቻለሁ!

ኤሊዋን ለማባረር የዊንዶውስ ፊቸርስ ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ ሃይፐርቪን፣ ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምን እና ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርምን አጥፉ። ከዚያ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ኮር አይሶሌሽን የሚለውን ከፍታችሁ ሜሞሪ ኢንተግሪቲን አጥፉ። ከዚያ ሪስታርት። ሻት ዳውን አላልኩም፤ ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ዋጋም አለው፦ ዶከራችሁ ይቆማል፣ አንድ የጥበቃ ንብርብርም ይነሳል። ዶከር የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነና ዊንዶውሳችሁ ፕሮ ከሆነ ቨርቹዋልቦክስን ትታችሁ በሃይፐርቪ ራሱ ጫኑ። ሆም ላይ ግን ሃይፐርቪ ማናጀር የለም።

«ፎርማት አድርገው» የሚለው ምክር ሁለተኛው ራስ ምታቴ ነው። የእኛ አገር ጥገና ቤት ለማንኛውም በሽታ የሚያዝዘው ይህንኑ ነው። አንድ ወዳጄ ቨርቹዋል ማሽኑ ስለደረቀ ላፕቶፑን ወስዶ ከፍሎ አስፎርማት አደረገ። ዊንዶውስ 10 ነበር፣ አዲስ ዊንዶውስ 11 ጫኑለት። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ላፕቶፑ ከቻለለት ሜሞሪ ኢንተግሪቲን ራሱ አብርቶ ነው የሚመጣው። ወንድሜ ኤሊዋን በገንዘቡ ገዝቶ ተመለሰ።

«ኢሬዝ ዲስክ ሲለኝ ደንግጬ አጠፋሁት» ለምትሉ፦ የሚያጠፋው ለቨርቹዋል ማሽኑ የፈጠራችሁትን ባዶ ዲስክ ብቻ ነው። የላፕቶፑን ፎቶ አይነካም።

«ማውሴ ታሰረ፣ ደረቀ» ለምትሉ፦ የቀኙን ኮንትሮል ተጫኑ።

«መጨረሻ ላይ ጥቁር ሆኖ ቀረ» ለምትሉ፦ ጽሑፉን አንብቡት። የኢንስቶሌሽን ዲስኩን አውጥታችሁ ኢንተር ንኩ ነው የሚለው። ኢንተር ንኩ።

«አይሶው ጓደኛዬ ጋ ሠርቷል፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚለውም አያስኬድም። አይሶ ማለት ኡቡንቱ የሚጫንበት ፋይል ነው። ጓደኛችሁ ጋ የሠራው የእሱ ኮፒ ነው። የእናንተ በፍላሽ ሲመጣ፣ ወይም ኔት እየተቆራረጠ ሲወርድ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የፋይሉ መጠን እኩል መሆኑም ማስረጃ አይሆንም። ኡቡንቱ ለእያንዳንዱ አይሶ ሻ 256 የሚባል ባለ 64 ፊደል ቁጥር ያወጣል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ፓወርሼል ያንኑ ቁጥር ከእናንተ ፋይል አስልቶ ይሰጣችኋል። ካልገጠመ አይሶውን ጣሉት።

ስለ ፍላሽ ካነሳን፦ ቨርቹዋል ማሽኑን ላፕቶፕ ላይ ቦታ ስለሌለ ፍላሽ ላይ የምታስቀምጡ አላችሁ። ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ መያዝ አይችልም። የቨርቹዋል ማሽኑ ዲስክ ደግሞ ስትፈጥሩት ትንሽ ሆኖ ኢንስቶሉ ሲሄድ እያበጠ የሚሄድ አንድ ፋይል ነው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሄዳል፤ 4 ጊጋ ላይ ሲደርስ ያበቃል። አንዲት ተማሪ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ እየቆመባት «ይሄ ኡቡንቱ ይጠላኛል» ብላኛለች። ፍላሹን ወደ ኤንቲኤፍኤስ ቀይሩት። ወይም፣ ፍላሽ በጣም ዘገምተኛ ስለሆነ፣ ላፕቶፑ ላይ ቦታ አስለቅቁ።

«50 በመቶ ላይ ቆመ፣ ሞቷል» የሚለው ለእኛ አገር ኔት የተለየ ጉዳይ ነው። ኡቡንቱ ሲጫን ኔት ካገኘ የጎደለ ፓኬጅና የሴኩሪቲ አፕዴት ከኢንተርኔት ማውረድ ይጀምራል። ኔት ሲንፏቀቅ የደረቀ ይመስላል። ከመግደላችሁ በፊት ታች ያሉትን ምልክቶች እዩ፤ የዲስኩና የኔትወርኩ ምልክት ሥራ ሲኖር ብልጭ ድርግም ይላሉ። ኔትወርኩ ብቻ አልፎ አልፎ ብልጭ እያለ ዲስኩ ዝም ካለ፣ ዲቫይስስ ከሚለው ሜኑ ኔትወርኩን ንቀሉት። ብዙ ጊዜ ማውረዱን ይተወውና ይቀጥላል። አፕዴቱ፣ ኡቡንቱ ተጭኖ ካለቀ በኋላ፣ ማታ ኔት ሲፈጥን ይወርዳል። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ደግሞ አፕዴቱን ሰርዞ ሪቡት የሚያደርግ ቁልፍ ራሱ ይመጣላችኋል።

ስክሪኑ ገና ከጅምሩ ጥቁር ከሆነ ወይም ከተንቀጠቀጠ ነገሩ ዲስፕሌይ ነው። ስሪዲ አክሰለሬሽንን አጥፉ፣ ቪዲዮ ሜሞሪውን 128 ሜጋ አድርጉ፣ ኡቡንቱ ሲነሳ ሴፍ ግራፊክስ የሚለውን ምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 7.0 ወዲህ ደግሞ ቨርቹዋልቦክስ «እኔ ራሴ ልጫንላችሁ» ባይ ሆኗል። አይሶውን ስትመርጡ አንአተንድድ ኢንስቶሌሽን የሚባለውን፣ በራሱ የሚጭንበትን ምርጫ፣ አጥፉትና በእጃችሁ ጫኑ። ቢያንስ የት ላይ እንደቆመ ታያላችሁ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ካለ ጠይቁ። ግን የሚሽከረከር ክብ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ «ሃንግ አደረገ» ብላችሁ በቴሌግራም አትላኩ። ማሽኑን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሾው ሎግ የሚለውን ክፈቱና ፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ ላኩ። የላፕቶፑ ራም ስንት እንደሆነ፣ ለማሽኑ ስንት እንደሰጣችሁ፣ ኤሊ መኖር አለመኖሯን ጨምሩበት።