ዓለም በቃኝ ምንድን ነው?

በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በመርጡለ ማርያም አካባቢ ላደገ የጎጃም ሰው «ዓለም በቃኝ» አስቀድሞ የገዳም ቃል ነው። ሀብቱንና ዘመዱን ትቶ ገዳም የገባ ሰው «ዓለም በቃኝ ብሎ መነነ» ይባላል፤ ለዚህ ዓለም እንደ ሞተ ስለሚቆጠርም ሲመነኩስ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል። «በቃ» የሚለው ግስ ከመጥገብና ከመተው ሌላ ለማዕርግ መድረስንም ስለሚያመለክት፣ በተጋድሎ የጸኑትን መነኮሳት «የበቁ አባት» እንላቸዋለን።

ይኸው የምናኔ ቃል ግን አዲስ አበባ ከርቸሌ ግቢ ውስጥ ለነበረ፣ ክፍሎቹ ወደ ውስጥ ወደ አንድ አደባባይ ለሚመለከቱ ክብ መሰል እስር ቤት መጠሪያ ሆነ፤ ውሎ አድሮም ግቢው ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ የቤተሰባቸው ዕጣ ከዚህ ግቢ ጋር ተሳሰረ። ኅዳር 14 ቀን 1967 በከርቸሌ ከተረሸኑት ስልሳ ያህል ሰዎች አንዱ የልጅ ልጃቸው ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበሩ። እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅ፣ እኅቶቻቸው አይዳ፣ ሰብለ፣ ሶፊያና ሂሩት፣ እንዲሁም የልዑል መኮንን ባለቤት ልዕልት ሣራ ግዛው መጀመሪያ በቁም እስር ቆይተው በኋላ ወደ ወህኒ ተወሰዱ። የአልጋ ወራሹ ልጅ ልዕልት እጅጋየሁ በ1969 እንደታሰሩ አረፉ።

ይህ ቤተሰብ ለጎጃም ባዕድ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ከስደት ሲመለሱ በበላያና በደብረ ማርቆስ አልፈው ነው አዲስ አበባ የገቡት። ይሁንና ከፖለቲካው ይልቅ እኔን የሚከብደኝ የስሙ ሰዋስው ነው። «በቃኝ» የሚለውን ቃል መናገር የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ መናኙ ከብዙ ዓመት ፈተና በኋላ በገዛ ፈቃዱ ይለዋል፣ ማንም ስለ እርሱ ሊልለት አይችልም። እነዚህን ሴቶች ግን ክስ ሳይቀርብባቸውና ፍርድ ቤት ሳያያቸው «በቃችሁ» ያላቸው ደርግ ነው፤ በስሙ ላይ ግን «በቃኝ» ባዮቹ ራሳቸው ይመስላሉ።

ሴቶቹ የተፈቱት በ1980 ሲሆን ልዕልት ተናኘወርቅ ያን ጊዜ የሰባ ስድስት ዓመት አረጋዊት ነበሩ። እስር ቤቱም ፈርሶ በቦታው ላይ በ2004 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ተሠርቶበታል።