ቀይ ስር ደም አይሞላም! ስለ ማዕድንና ውሃ የምንሰማቸው ስህተቶች

ለገጣፎ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡር ክትትል ክፍል አዋላጅ ነኝ። ደም ማነስ ያለባትን እናት «ምን እየወሰድሽ ነው?» ስላት፣ መልሷ ሁሌም «ቀይ ስር እየጠጣሁ ነው» ነው። አማት ነግራታለች፣ ጎረቤት ነግሯታል፣ ጁስ ቤቱም «ደም ይሞላል» ብሎ ሸጦላታል። ይህን መስማት ሰልችቶኛል።

ቀይ ስር የቀላው በራሱ የተፈጥሮ ቀለም እንጂ ደም ለመሥራት በሚያስፈልገው ማዕድን፣ በአይረን (ብረት)፣ አይደለም። 100 ግራሙ ውስጥ 1 ሚሊ ግራም አይረን እንኳ የለም። ነፍሰ ጡር ደግሞ በቀን ወደ 27 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ ያን ከቀይ ስር ብቻ ለማግኘት በየቀኑ ከ3 ኪሎ በላይ መብላት አለባት። ፎሌት የሚባል ቫይታሚን ስላለው ብሉት፣ ጥሩ ምግብ ነው። በእሱ ተማምናችሁ ግን በክትትል የሚሰጣችሁን የአይረን ኪኒን አትተዉ፤ በአንዷ ፍሬ ውስጥ 60 ሚሊ ግራም አይረን አለ።

አንዲት እናት መጀመሪያ ስትመረመር ሄሞግሎቢኗ (የደም መጠን የሚለካበት ቁጥር) 9.2 ነበር። በእርግዝና ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። በወሩ ስትመለስ 8.5 ወረደ። «እስቲ ኪኒኑን አሳዪኝ» አልኳት። ከቦርሳዋ ስታወጣው አንድ ፍሬ አልተነካም፤ አጠገቡ በሃይላንድ የያዘችው የቀይ ስር ጁስ አለ። «ሰገራ ያጠቁራል ሲሉኝ ፈርቼ ነው» አለች። አዎ፣ ያጠቁራል፤ ሰውነት ያልወሰደው አይረን ስለሚወጣ ነው፣ ጉዳት የለውም። የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ማታ ከመኝታ በፊት ውሰዱት። እባካችሁ፣ ያስፈራችሁን ነገር ቤት ይዛችሁት ከምትቀመጡ መጥታችሁ ጠይቁን።

«ጤፍ የሚበላ ሰው አይረን አያንሰውም» የሚሉም አሉ። ጤፍ አይረን አለው፤ ነገር ግን በላብራቶሪ ከሚቆጠረው ከፊሉ በሬ ሲያበራይ ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነታችን ከዚያ የሚወስደው ጥቂት ነው። የእህሉን የራሱን አይረን ደግሞ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ እርሾውን አትቸኩሉበት። ከምስር ወጡ ጋር ቲማቲምና ቃሪያ በሎሚ አድርጋችሁ ብሉ፤ ቫይታሚን ሲ አይረኑን ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ምሳ እንደተነሳ የሚቀርበው ቡናና ሻይ ግን ይከለክላል። ቡና ተዉ አልልም፣ ከምግቡና ከኪኒኑ አንድ ሁለት ሰዓት አርቁት።

«አፈር ያማራት ሰውነቷ ማዕድን ፈልጎ ነው፣ ትቅመስ።» አምሮቱ የአይረን እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። አፈሩ ግን እጥረቱን አይሞላም፣ ይልቅ የሆድ ትላትል ያመጣል። አያሳፍርም፣ ንገሩን፤ ደማችሁን እንመርምር።

«ውሃ ከተፈላ ምንም አይኖርበትም።» ጀርሙ ይሞታል፣ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ግን በማፍላት አይወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠናል። ስምጥ ሸለቆ ያደጉ ልጆች ጥርስ የሚበልዘው በፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው።

«የታሸገ ውሃ በማዕድኑ ልጅ ያሳድጋል።» ልጅ ማዕድኑን በዋናነት የሚያገኘው ከምግብ ነው፤ ገንዘባችሁን ለእንቁላልና ለምስር አውሉት።

«ሕፃኑ ይጠማዋል፣ ውሃ ቅመስ ይባል።» እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ! ወተቱ አብዛኛው ውሃ ነው።

«ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ ከጠጣ ይብስበታል።» ይህ አባባል ልጅ ይገድላል። ጡቱን አታቋርጡ፣ አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ ሊትሩን አትቀንሱ። አብሮ የሚሰጠውን የዚንክ ኪኒን ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ሙሉ ስጡት።

«አዮዲን ያለው ጨው ለእንቅርት ብቻ ነው።» በማኅፀን ላለው ልጅ አእምሮ ዕድገትም ያስፈልጋል። ጨዋችሁን ከፀሐይና ከምድጃ አርቃችሁ በሚከደን ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ።